ተቀብራ የጠፋችው፣ ተጥላ የተረፈችው
በአሜሪካ የአሮጌ መኪኖች ጎዳና ላይ ከኬሚስትሪ ጋር የተደረገ ጉዞ

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1957 በአሜሪካ ኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ በቱልሳ ከተማ አንድ እንግዳ ቀብር ተፈጸመ። የተቀበረችው ገና ከፋብሪካ የወጣች፣ ወርቃማና ነጭ ቀለም የተቀባች ፕሊመዝ ቤልቬዴር መኪና ነበረች። ከተማዋ የክፍለ ግዛቱን 50ኛ ዓመት በምታከብርበት ወቅት መኪናዋን ከ50 ዓመት በኋላ ለሚመጣው ትውልድ በስጦታነት ለማቆየት ተወሰነ። በመከላከያ ቅባት ተለቀለቀች፣ በፕላስቲክ ተጠቀለለች፣ የኑክሌር ጥቃት እንኳ ይቋቋማል በተባለ የኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥም ገባች። በ2007 ቤንዚን የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል የሚል ስጋት ስለነበረ 38 ሊትር ያህል ቤንዚን አብሯት ተቀመጠ።

ቀኑ ደርሶ በሰኔ 2007 ጉድጓዱ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ሲከፈት ግን የተገኘው ሌላ ነገር ነበር። ውሃ ወደ ጉድጓዱ ሰርጎ ገብቶ መኪናዋን ውጧታል። ላሜራዋ በዝገት ከመሳሳቱ የተነሣ ወደ ቀድሞ መልኳ ልትመለስ አልቻለችም። አበው “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” እንዲሉ፣ ሰዎች ከቦምብ ሲጠብቋት ጥፋቷ በጠብታ መጣ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቱልሳ ወደ ምዕራብ በአሪዞና በረሃ በሚገኙ የወዳደቁ መኪኖች ማከማቻዎች የቱልሳዋ መኪና እኩዮች ያለ ጣራና ያለ ጠባቂ በሜዳ ላይ ተጥለው አሥርት ዓመታትን አሳልፈዋል። ሆኖም የብዙዎቹ ላሜራ ዛሬም ጠንካራ ነው፤ የጥንት መኪና ሰብሳቢዎችም ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው ይገዟቸዋል። በጥንቃቄ የተቀበረችው ጠፍታ፣ ተጥላ የተረሳችው የተረፈችው ለምንድን ነው? ለጥያቄው መልስ ፍለጋ በዚህ እትማችን ካርታ ዘርግተን፣ ኬሚስትሪን መሪ አድርገን፣ በአሜሪካ የአሮጌ መኪኖች ጎዳና ላይ አብረን እንጓዛለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት በተፈጥሮ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። በአብዛኛው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በማዕድን መልክ በምድር ውስጥ ይኖራል። ፋብሪካው ከፍተኛ ኃይል አፍስሶ ኦክስጅኑን ይነጥቀዋል። ስለዚህ የምንነዳው መኪና ሁልጊዜ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ ለመመለስ የሚሻ አካል ነው። ዝገት ማለትም ብረት ወደ አፈሩ የሚመለስበት መንገድ ነው።

ይህ ግን እንዲያው በአየር ብቻ አይፈጸምም። በላሜራው ገጽ ላይ ቀጭን የውሃ ሽፋን ሲያርፍ አንዲት ጥቃቅን ባትሪ ትፈጠራለች። በአንደኛው ነጥብ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ለቀው ወደ ውሃው ይገባሉ። ኤሌክትሮኖቹ በላሜራው ውስጥ ተጉዘው በሌላው ነጥብ ኦክስጅንንና ውሃን ያገኛሉ። ከዚህ የተነሣ የሚፈጠሩት ውሁዶች ቀስ በቀስ ያን የምናውቀውን ቀይ ዱቄት ይሆናሉ። ከሦስቱ፣ ማለትም ከብረት፣ ከውሃና ከኦክስጅን አንዱ ከጎደለ ሂደቱ ይቆማል።

አሉሚኒየምም ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። የእርሱ ሽፋን ግን ጥብቅ በመሆኑ ከሥር ያለውን ክፍል ይጠብቃል። የብረት ዝገት በአንጻሩ ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። አዲስ ብረት ይገለጣል፣ እርሱም በተራው ይበላል።

በጨው ላይ የተቆረቆረች ከተማ

የመጀመሪያ ማረፊያችን የመኪና ኢንዱስትሪ መዲና የነበረችው የሚሺጋኗ ዲትሮይት ናት። ሄንሪ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ “ሞዴል ቲ” መኪኖችን ያመረተው በዚሁ አካባቢ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ከከተማዋ ሥር በ350 ሜትር ጥልቀት ገደማ ሰፊ የጨው ማዕድን መኖሩን ነው። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የደረቀ ባሕር ትቶት የሄደ ጨው ነው።

በሰሜን አሜሪካ ክረምት መንገድ በበረዶ ሲሸፈን ጨው ይበተናል። ጨው የውሃን የመርጊያ ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ በረዶው ይቀልጣል፣ የሰው ሕይወትም ይተርፋል። ጨዋማው ውሃ ግን በፓራፋንጎውና በበሩ ሥር ባሉ ድብቅ ጎድጓዳ ቦታዎች ይጠራቀማል። ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውሃ በተሻለ ስለሚያስተላልፍም ከላይ የጠቀስናትን ጥቃቅን ባትሪ ያፈጥናታል። መኪናን የወለደችው ከተማ መኪናን የሚበላውንም ከእግሯ ሥር ይዛ ኖራለች። ለዚህ ነው የጥንት መኪና ሰብሳቢ ስለ ሞተሩ ከመጠየቁ በፊት “መኪናው የኖረው የት ነው?” የሚለው።

ከደን እስከ በረሃ

ወደ ደቡብ ስንወርድ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ዋይት በተባለች ትንሽ ከተማ እንደርሳለን። በ1931 እንደ ተራ ሱቅ የተጀመረ የአንድ ቤተሰብ ንግድ ከጊዜ በኋላ ከ4,000 በላይ አሮጌ መኪኖች በደን ውስጥ የተከማቹበት ስፍራ ሆኗል፤ “ኦልድ ካር ሲቲ” በሚል ስምም ታውቋል። እዚህ እርጥበትና የወደቀ ቅጠል ላሜራውን አዘውትረው ያረጥባሉ። በኮፈን መካከል ዛፍ በቅሎ ብረቱን እየገፋ ወደ ሰማይ ያድጋል። ስፍራው መለዋወጫ ከሚገዙ ሰዎች ይልቅ ፎቶግራፍ አንሺዎችን የሚስብ መሆኑም ተፈጥሯዊ ነው፤ ደኑ ለዓይን ውበት ሲሰጥ ለብረት ዕድሜ አይሰጥምና።

ከዚያ ወደ ምዕራብ በቱልሳ አልፈን በቴክሳስ አማሪሎ አጠገብ እንቆማለን። በ1974 አንት ፋርም የተባለ የሠዓሊያን ቡድን ከ1949 እስከ 1963 የተሠሩ 10 ካዲላኮችን በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተክሎ “ካዲላክ ራንች” የተባለውን ሥራ አቁሟል። በ1997 ከተማው እየሰፋ ስለመጣ ወደ ምዕራብ ተዛውሯል። ጎብኚዎች በየጊዜው ቀለም ስለሚነፉባቸው መኪኖቹ ወፍራም የቀለም ልባስ ደርበዋል። ቀለም ውሃንና ኦክስጅንን ከብረት የሚለይ ግድግዳ መሆኑን ስናስብ የጎብኚው ጨዋታ ሳይታወቀው መከላከያም ሆኗል ለማለት ይቻላል።

በመጨረሻ አሪዞና እንገባለን። በፊኒክስ ከተማ በዓመት የሚጥለው ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን በብረት ገጽ ላይ የሚፈለገው የውሃ ሽፋን በበቂ ሁኔታ ስለማይፈጠር ዝገት እጅግ ይዘገያል። የአሜሪካ አየር ኃይል ከአገልግሎት የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን በዚሁ ክፍለ ግዛት በቱሳን የሚያስቀምጠውም የአየሩን ድርቀትና የአፈሩን ጥንካሬ መርጦ ነው። በእርግጥ በረሃውም ዋጋ ያስከፍላል። የፀሐይ ጨረር ጎማውን ይሰነጥቃል፣ የመቀመጫውን ጨርቅ ያበሰብሳል፣ ቀለሙን ያገረጣል። ነገር ግን ጎማና ጨርቅ ይተካሉ፤ የተበላ ሻንሲ ግን በቀላሉ አይተካም።

የመነሻችን ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። የቱልሳዋን መኪና ያጠፋት የእንክብካቤ ማነስ አይደለም። ውሃ እንዳይገባ የተሠራው ጉድጓድ አንድ ጊዜ ውሃ ከገባበት በኋላ መውጫ የሌለው ገንዳ ሆነ። የአሪዞናዎቹ ጣራ ባይኖራቸውም ዝናብ ቢያገኛቸው በሰዓታት ውስጥ ይደርቃሉ።

መዶሻው፣ ማግኔቱና ምድጃው

የአሜሪካ አሮጌ መኪኖች አብዛኞቹ ግን ሰብሳቢ እጅ አይገቡም። ሞተራቸውና መለዋወጫቸው ከተሸጠ በኋላ ወደ መፍጫ ይላካሉ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴክሳስ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ማሽን በፍጥነት በሚሽከረከሩ ከባድ መዶሻዎች መኪናውን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወደ ጡጫ የሚያህሉ ቁርጥራጮች ይለውጠዋል። ከዚያም ፊዚክስ ሥራውን ይጀምራል። ማግኔት ብረቱን ይለቅማል። በፍጥነት የሚሽከረከር ሌላ ማግኔት ደግሞ በአሉሚኒየም ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ አሉሚኒየሙም ማግኔት ባይስበውም ከቀበቶው ላይ ተገፍቶ ይወረወራል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 በቤተ ሙከራ ያገኘው ሕግ ዛሬ ቆሻሻ ይለያል ማለት ነው።

ብረቱ በ1,600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል። በአሜሪካ ከሚመረተው ብረት ከሦስት እጅ ሁለት እጁ በላይ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ብረትን ከማዕድን ከማውጣት ጋር ሲነጻጸርም ከፍተኛ ኃይልና የድንጋይ ከሰል ይቆጥባል።

ይሁን እንጂ አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም መዳብ ነው። የመኪናው ሽቦዎችና ትናንሽ ሞተሮች ከብረቱ ጋር አብረው ምድጃ ይገባሉ። ሲሊከንና አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ኦክስጅንን ስለሚወዱ በቀላሉ ተቃጥለው ወደ ዝቃጩ ይሄዳሉ። መዳብ ግን ለኦክስጅን ያለው ፍቅር ከብረት ያነሰ በመሆኑ እርሱን ለማቃጠል የሚሞክር ሰው አስቀድሞ ብረቱን ያቃጥላል። ስለዚህ መዳቡ በቅላጩ ውስጥ ይቀራል፤ በቀጣዩ ዙር ሌላ ይጨመርበታል። ብረቱ እንደገና ሲሞቅ መዳቡ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጥና በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ስንጥቅ ይፈጥራል። ለግንባታ የሚውል ፌሮ እስከ 0.4 በመቶ ገደማ መዳብ ሊታገስ ይችላል፤ የመኪና ላሜራ ግን ከ0.1 በመቶ በታች ይሻል። የመኪና ብረት መልሶ መኪና ለመሆን የሚቸገረው፣ ብዙውን ጊዜም ፌሮ ሆኖ የሚቀረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚቀልጠውና የሚቆየው

መቼ ማቅለጥ፣ መቼ ማቆየት እንደሚገባ አሜሪካውያን ራሳቸው ይከራከራሉ። በ2009 የበጋ ወራት መንግሥታቸው ብዙ ነዳጅ የሚፈጁ አሮጌ መኪኖችን በአዲስ ለሚተኩ ዜጎች 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ ወደ 680,000 የሚጠጉ መኪኖችን ከመንገድ አስወጥቷል። ሞተሮቹ እንዳይመለሱ ዘይታቸው ተቀድቶ በምትኩ የሶዲየም ሲሊኬት ሙሟሟት ተጨምሮ እንዲነሡ ይደረግ ነበር። በሙቀቱ ውሃው ሲተን ሲሊኬቱ እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ለዘለዓለም ይነክሳል። ከ25 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪኖች በመርሐ ግብሩ ባይካተቱም፣ የነገ ቅርስ ሊሆኑ የሚችሉ መለዋወጫዎች መጥፋታቸው ሰብሳቢዎችን አሳዝኗል። የአየር ብክለትን ለመቀነስ የተሠራውን ሥራ የሚደግፉት ደግሞ መንገድ ሙዚየም አይደለም ይላሉ።

በሰብሳቢዎች መካከልም ሌላ ክርክር አለ። አንዳንዶች የተገኘውን መኪና ፍቀው፣ ቀብተው አዲስ ያስመስሉታል። ሌሎች አንድ መኪና በመጀመሪያ መልኩ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው በማለት ዝገቱንም ቀለሙንም እንዳለ ይተዉታል። በመስከረም 2013 በነብራስካ ፒርስ በተባለች ትንሽ ከተማ ወደ 500 የሚጠጉ አሮጌ መኪኖች በጨረታ ሲሸጡ፣ 1.3 ማይል ብቻ የተነዳ የ1958 ሼቭሮሌት ፒክአፕ 140,000 ዶላር አውጥቷል። ለሳይንስ ተማሪ የሁለተኛው ወገን ሐሳብ ክብደት አለው። ያልተነካ ቀለም የዘመኑ ኬሚስትሪ ሰነድ ነውና፤ አንዴ ከተፋቀ ምን እንደነበረ የሚመሰክር የለም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የአሜሪካው ማከማቻ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ የሚያልፈው ቆራሌውና የመርካቶው ምናለሽ ተራ የዚሁ ሳይንስ የእጅ ሥራ ክፍሎች ናቸው። ሽቦ የሚፈታው ወጣት መዳብን ከብረት የሚለየው ዋጋው ስለሚለያይ ነው። ሳያውቀው ግን ምድጃው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ አስቀድሞ ይሠራል። በአንጻሩ ያለ መከላከያ የሚፈታ ባትሪ እርሳሱን ለሠራተኛው ደምና ለአካባቢው አፈር ያወርሳል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በነዳጅ የሚሠራ መኪና 20 ኪሎ ግራም ገደማ መዳብ ሲይዝ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ 80 ኪሎ ግራም እንደሚይዝ ይገመታል። ዛሬ በመንገዳችን ላይ የሚታዩት አዳዲስ መኪኖች አርጅተው ወደ ምድጃ በሚሄዱበት ጊዜ ያ መዳብና ያ ግዙፍ ባትሪ በማን እጅ፣ በምን ዘዴ ይለያሉ? መልሱን የሚሰጡት ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የዛሬ ተማሪዎች ናቸው።

እስከዚያው ግን ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በግቢያችሁ የቆመ አንድ አሮጌ መኪና ፈልጉ። ጎንበስ ብላችሁ የበሩን ሥር ተመልከቱ። ዝገቱ የት እንደጀመረ፣ ውሃው ከየት ገብቶ የት እንደቀረ ጠይቁ። ለ50 ዓመት ይቆያል ተብሎ የተሠራውን የቱልሳን ጉድጓድ ሲሠሩ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ውሃው ቢገባ በየት ይወጣል?