ከሰሊጥ ወጣ ብለን፦ ትኩስ ቱና እንዴት ይመረጣል?

የጠዋቱ ዋጋ ከላይ ተለጥፏል፤ ገበያው ቀዝቀዝ ስላለ ዛሬ ከሰሊጥ ወጣ ልበል።

ቱና ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቆርቆሮው ነው። እኔ የማወራው ግን ዱባይ፣ ዴራ ዋተርፍሮንት ገበያ በረዶ ላይ ተጋድሞ ስለሚሸጠው ባለ ቢጫ ክንፉ ነው። ኦማኖች ጀይዘር ይሉታል።

ለደንበኛ የሰሊጥ ናሙና ይዤ በሄድኩ ጊዜ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ እዚያ ገባሁ። አንዱ ሻጭ ከጎረቤቱ በኪሎ 10 ድርሃም ቀንሶ ጠራኝ። ሥጋው ቀይ ነው፣ ያምራል። በረዶው ግን ቀልጦ ውሃ ሆኗል። አይቼዋለሁ፤ ዋጋው አሸነፈኝና ገዛሁ። ማታ ጠብሰን በላን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴ እሳት ሆነ፣ ራሴን ይፈልጠኝ፣ ልቤ ይደልቅ ጀመር። ስበላው ምላሴን ሲያቃጥለኝ ሚጥሚጣ መስሎኝ ነበር እኮ፤ ሚጥሚጣ አልተደረገበትም!

ሐኪሙ ሂስታሚን ነው አለኝ። ቱና ከተያዘ በኋላ ሙቀት ላይ ከቆየ ባክቴሪያ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጥራል፤ አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ መጥበስም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። የበርበሬና የለውዝ ነጋዴዎች ነገሩ አይጠፋችሁም፣ አፍላቶክሲንም ወጥ ውስጥ ስለገባ አይሞትም። መጋዘን ላይ ለ2 ፐርሰንት ባዕድ ነገር ስከራከር የምውል ሰውዬ፣ "ይኼ ዓሣ በረዶ ላይ የዋለው ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብዬ አልጠየቅኩም።

አሁን መጀመሪያ የማየው በረዶውን ነው። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ መሆን አለበት። ፊሌቶ ከሆነ በጣት ሲጫኑት ይመለሳል፤ የሚሸተውም ባሕር ባሕር ብቻ ነው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ቆይቷል። ከመጠን በላይ የሚያበራ፣ ሐብሐብ የሚመስል ቀለምንም አትመኑ፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የታከመ ሥጋ ቢበላሽም መልኩን አይለቅም።

እኛ ጆንያ ወግተን ናሙና እንደምናወጣው፣ ቶኪዮ ቶዮሱ ገበያ ላይም ገዢዎች የተቆረጠውን ጅራት በባትሪ እያዩ፣ ቁንጣሪ ሥጋ በጣታቸው እያሹ ስቡን ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 እዚያ 278 ኪሎ የሚመዝን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ቱና በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጧል፤ ኪሎው 1.2 ሚሊዮን የን መሆኑ ነው። ይህን ግን የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙት። የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ጨረታ ነው፣ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። እኛስ በ2020 በካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ፓውንዱ ከ185 ዶላር በላይ የወጣ የሲዳማ ቡና አላየንም? በነጋታው ጎረቤቱ በዚያ ዋጋ ሸጠ እንዴ?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ጣት ውፍረት ያለውን ቁራጭ በጨርቅ አድርቁት፣ ጨው ነስንሱበት፣ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ በሁሉም ጎን ጫን አድርጋችሁ አልብሱት። መጥበሻው በደንብ ሲግል ጠብ ያለች ዘይት፣ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ገደማ። ሰሊጡ ወርቅማ ሲሆን ይገለበጣል፤ ከጠቆረ ይመራል። መሐሉ ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ ቁርጥ የለመደ ሰው አይደነግጥም። ቀይ አልበላም ለሚል ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የጥብስ ቅጠሉን አስቀድማችሁ አብስሉ፤ ቱናው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ካለፈ ይደርቅና ቆርቆሮውን ይሆናል።

ከገበያ ስትመለሱ ደግሞ በረዶ ያለው ሳጥን ያዙ። የዱባይ ታክሲ ውስጥ ኤሲ አለ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ሻጩ ዕቃውን የሚጭነው ኮፈን ውስጥ ነው።