ስለ ኮምፒውተር እድሳትና ያለ ዋጋ ስለሚገኙ ፕሮግራሞች

የመሬት ይዞታ መዝገብ፥ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር እደላ ዝርዝር፥ የከብት ክትባት ቍጥር፥ ይህ ሁሉ ቀድሞ በወፍራም መዝገብ ላይ በቀለም ይጻፍ የነበረው አሁን በብዙ ጽሕፈት ቤት በኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። መዝገብ በወረቀት ሳለ ጠላቶቹ ምስጥና አይጥ፥ እሳትና ዝናብ መሆናቸውን ሹማምንቱ ያውቁ ነበርና ሣጥን ያሠሩለት፥ ዘበኛም ያቆሙለት ነበር። ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ግን ጠላቱ በዓይን የማይታይ ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ጠላት የሌለው መስሏቸው ያለ ጠባቂ ትተውታል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ መዝገቡን መጠበቅና የዕለት ሥራን ማቃናት ስለሚቻልበት መንገድ ለአስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

አስቀድሞ እድሳት ማለት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። ኮምፒውተር ብረትና ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ብረቱን የሚያዝዘው ፕሮግራም የሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ በሚሊዮን የሚቈጠር መስመር ስላለው፥ ጻፊዎቹም ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ስሕተት አይጠፋበትም። ከስሕተቶቹ አንዳንዱ ሥራ የሚያጓድል ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሳይዘጋ እንደ ተረሳ የጓሮ በር ለሌባ መግቢያ ይሆናል። የፕሮግራሙ ሠሪ ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ ማረሚያ ጽፎ በኢንተርኔት ይልካል። አፕዴት የሚባለው እድሳት ይኸው ነው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። የዊንዶውስ ሠሪ ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ማረሚያዎቹን ያወጣል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማረሚያው በወጣ ቀን ሌባውም ያነበዋል። በሩ የት እንደ ነበረ ማረሚያው ራሱ ስለሚያመለክተው፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልታደሰው ኮምፒውተር ከፊተኛው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል። እንግዲህ እድሳትን «ሲመቸን እናደርገዋለን» ብሎ ማቈየት ነገሩን ባለበት ማቈየት አይደለም፤ ማባባስ ነው እንጂ።

ለዚህም የታወቀ ማስረጃ አለ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ የተገኘውን አንድ ከባድ ጉድለት የሚዘጋ ማረሚያ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ግንቦት 4 ቀን፥ ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዚያው ጉድለት እየገባ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተዛመተ። የገባበትን ኮምፒውተር መዝገብ ሁሉ በምስጢር ቍልፍ ቈልፎ፥ ለመክፈቻው 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከ236 የመንግሥት ሐኪም ቤት አስተዳደሮች ቢያንስ 81ዱ ታወኩ፤ የቀዶ ጥገናና የሕክምና ቀጠሮም በሺሕ የሚቈጠር ተሰረዘ። ማርከስ ሐቺንስ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት የፕሮግራሙን ማቆሚያ ባያገኝ ኖሮ ጥፋቱ ከዚህ በባሰ ነበር።

የአገሪቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባወጣው ራፖር የገለጠው ነገር በተለይ ለአስተዳዳሪዎች የሚጠቅም ነው። ማረሚያው እንዲገባ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ በመጋቢትና በሚያዝያ ለሐኪም ቤቶቹ ተልኮ ነበር። ትእዛዙ ደርሷል፤ የፈጸመው ግን ሁሉም አልነበረም፤ መፈጸሙን አጥብቆ የጠየቀም አልነበረም። በየጽሕፈት ቤታችን ተነቦ ፋይል ውስጥ የገባ ሰርኩላር ስንት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሹም ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አይቈጥረውም።

እድሳት ራሱ ጉዳት ያመጣል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገራቸውም ከንቱ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ የላከው የተሳሳተ እድሳት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቁሞ፥ አውሮፕላን ማረፊያዎችንና ባንኮችን አስተጓጐለ። ኩባንያው ስሕተቱን በ78 ደቂቃ ቢመልሰውም የቆሙት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አንድ በአንድ በሰው እጅ መጠገን ነበረባቸው። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ምክር እድሳትን መተው አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ካሉት ኮምፒውተሮች አንዱ አስቀድሞ ይታደስ፤ አንድ ሁለት ቀን ሲሠራ ታይቶ ሌሎቹ ይከተሉ። ገበሬም አዲስ ዘር ሲመጣለት ማሳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘራበትም።

በየወረዳው የሚነሣው ሌላው ምክንያት የኢንተርኔቱ ዋጋና ድካም ነው። ለዚህ ዊንዶውስ ራሱ ያዘጋጀው መፍትሔ አለ፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያውቁታል። በእድሳቱ ማዘዣ ገጽ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ክፍል ሲከፈት፥ አንዱ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ያወረደውን እድሳት በዚያው ጽሕፈት ቤት መረብ ላይ ያሉት ሌሎቹ ከእርሱ እንዲቀበሉ ማድረግ ይቻላል። ማካፈሉ በቤቱ መረብ ውስጥ ላሉት ብቻ እንዲሆን መምረጥ ይገባል፤ ያለዚያ ለውጭ ሰው ሁሉ ማደል ይሆናል። በስልክ መስመር የሚሠራ ጽሕፈት ቤትም መስመሩን ሜተርድ ብሎ ቢመዘግበው ትልልቁ እድሳት ሳይፈቀድለት አይወርድም። ይህን ያደረገ ሰው ግን እድሳቱን በእጁ የሚያዝዝበት ቀን ይቍረጥ፤ ዘግቶ መርሳት ይመጣልና። እድሳት እየገባ መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ስለሚችል፥ ባትሪው ሞልቶ መብራቱም ረግቶ ሳለ መጀመር ያስፈልጋል።

እድሳት የሚቀርባቸው ኮምፒውተሮች ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥበቃው አብቅቷል። ለዊንዶውስ 10 ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ የሚዘልቅ ተጨማሪ ጊዜ ተፈቅዷል። ዊንዶውስ 11 በቀድሞዎቹ ብዙ ኮምፒውተሮች የማይገኝ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ ብረቱ ገና ደኅና የሆነውን ኮምፒውተር ከመጣል፥ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የሚባሉትን በነጻ የሚታደሉ ሥርዓቶች አስገብቶ መጠቀም ይሻላል። ለደብዳቤ፥ ለሠንጠረዥና ለኢንተርኔት ይበቃሉ። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ የመዝገብ ፕሮግራም ያለው ጽሕፈት ቤት ግን አስቀድሞ ባለሙያ ይጠይቅ።

አሁን ያለ ዋጋ ወደሚገኙት ፕሮግራሞች እንሻገር። ለደብዳቤና ለሒሳብ ሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ የተባለው አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በነጻ ይታደላል፤ የወርድንና የኤክሴልን ጽሑፍም ይከፍታል፥ ምንም እንኳ የገጹ አሰላለፍ አንዳንድ ጊዜ ቢዛነፍ። በየሱቁ በፍላሽ ከሚገለበጠው የተሰረቀ ፕሮግራም ይህ በብዙ ይመረጣል፤ የተሰረቀው ቅጂ የተደበቀ አጥፊ ፕሮግራም ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ሥዕልና ድምፅ ለማየት ቪ.ኤል.ሲ.፥ የመሬት ካርታ ለመሥራት ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. ያገለግላሉ። ብዙ ጽሑፍ ጨምቆ ለመላክ ሰቨን ዚፕ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ ፕሮግራም ራሱን በራሱ አያድስም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የታረመው ከባድ ጉድለት ቀድሞ የተጫነውን የሚጠቀም ሰው ዘንድ ዛሬም እንዳለ ነው፤ አዲሱን አውርዶ መጫን የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ቀድሞ የአማርኛ ፊደል ለኮምፒውተር ሲሠራ፥ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እንደ ወደደ ያስቀምጣቸው ነበር። በዚያ የተጻፈ መዝገብ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል፤ በስም ቢፈልጉትም አይገኝም። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል ደንብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የግዕዝን ፊደል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር ሰጠው። በዚህ ደንብ የተጻፈ በየትኛውም አዲስ ኮምፒውተርና ስልክ ይነበባል። ኪይማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም፥ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ፎንቶችም በነጻ ይገኛሉ። አሮጌ መዝገብ ያላቸው ጽሕፈት ቤቶች የቀድሞውን ፎንት የሚያነብ ኮምፒውተር ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ያዛውሩ፤ ያ ኮምፒውተር በሞተ ቀን መዝገቡን ማንበብ ትልቅ ድካም ይሆናል።

በዩኒኮድም ቢሆን አንድ ችግር ይቀራል። ለጆሯችን ሀ፥ ሐና ኀ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው። አንዱ ጸሓፊ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ሰው ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ባለይዞታው ማሳው በመዝገብ የለም ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የፊደል ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ የስም አጻጻፍ አንድ ደንብ ይቍረጥ፤ ባለይዞታውም ስሙ በምስክር ወረቀቱ ላይ እንደ ተጻፈው በመዝገቡ መጻፉን ዓይቶ ያረጋግጥ።

ነጻ የተባለ ሁሉ ግን ደኅና አይደለም። «ኮምፒውተርዎን አጸዳለሁ፥ አፈጥናለሁ» እያሉ የሚመጡትን በተለይ መጠርጠር ይገባል። ሲክሊነር የተባለው የታወቀ ማጽጃ እንኳ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ከሠሪው ቤት ሳለ በሰርጎ ገቦች ተበክሎ 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ዘንድ ደርሶ ነበር። ዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ፥ ዲፌንደር የሚባል የራሱ ዘበኛም ስላለው፥ ለዕለት ሥራ ሌላ መጨመር አያስፈልግም፤ ዘበኛው እንዳይዘጋና እንዲታደስ መጠበቅ ይበቃል። ሌላ ፕሮግራም የሚያስፈልግ ሲሆን ከሠሪው ገጽ ብቻ ይወሰድ።

ይህ ሁሉ ሥራ ባለቤት ካልተሰጠው አይፈጸምም። በየጽሕፈት ቤቱ አንድ ሠራተኛ በስሙ ይመደብ፤ በወር አንድ ቀን የትኛው ኮምፒውተር እንደ ታደሰ በወረቀት ጽፎ ለሹሙ ያቅርብ። በዚያው ቀን መዝገቡ ሁሉ በውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሌላ ክፍል ይቈለፍ፤ ተሰክቶ የቈየ ዲስክ እንደ ዋናክራይ ያለው አጥፊ ሲመጣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቈለፋልና። በየሦስት ወሩ ከዲስኩ ላይ አንድ መዝገብ ተከፍቶ የአንድ ባለይዞታ ስምና የማሳው ስፋት ተነቦ ይታይ።