በሰዓት የማይለካ ዘመን

ሰዓት ለሥራ ሥርዐት እጅግ የሚጠቅም መሣሪያ መኾኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የታመመ ልጁን ሲያስታምም ላደረ አባትና በሠርግ ቤት ሲደሰት ላደረ ሰው ሌሊቱ እኩል አይደለም፤ በሰዓት ቢቈጠር ግን ልዩነት አይገኝበትም። ከኹለቱ እውነተኛው ዘመን የትኛው ነው ብሎ የመረመረው አንሪ ቤርግሶን የተባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ ነው።

ቤርግሶን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ከአይሁድ ወገን ከኾኑ ወላጆች በፓሪስ ተወለደ። በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰዎች ዘመንን እንደ መሬት እየለኩ ቢከፋፍሉትም፥ በልቡና ውስጥ የሚኖረው ዘመን እንደማይከፋፈል ገለጸ። የዜማ ድምፆች አንዱ ከአንዱ ጋራ ተዋሕደው አንድ ዜማ እንደሚኾኑ፥ ያለፈው ዕድሜም ከዛሬው ጋራ ተዋሕዶ ይኖራል። ስለዚህም ሰው በእውነት ነጻ የሚባለው ሥራው ከመላው ነፍሱ ሲመነጭ ነው ብሎ አስተማረ።

በ1907 ደግሞ ኤቮሉሲዮን ስለሚባለው ነገር፥ ይኸውም ሕያዋን ፍጥረቶች በረዥም ዘመን እየተለወጡ ስለ መምጣታቸው ጻፈ። መለወጣቸውን ተቀበለ፤ ነገር ግን ሕይወት እንደ መኪና በግድ ብቻ የሚሄድ አይደለም፥ ዘወትር አዲስ ነገር የሚያወጣ የሕይወት ግፊት አለበት አለ። ስለዚህ ነገር ብዙ ሙግት ተነሣ። በ1914 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል አድርጎ ሲመርጠው፥ በዚያው ዓመት የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሦስቱን መጻሕፍቱን ምእመናን እንዳያነቡ ከለከለች። በ1922 አይንስታይን የፈላስፎች ዘመን የሚባል የለም ብሎ ተከራከረው። የሕይወት ግፊት ያለውንም የዛሬ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ኾኖም ስለ ድርሰቱ ማማር የ1927 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የትምህርቱ ፈተና የመጣው ግን በእርጅናው ነው። በ1937 በጻፈው ኑዛዜ፥ ልቡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት እንደ ቀረበ፥ ነገር ግን በአይሁድ ላይ ታላቅ ጥላቻ ሲነሣ ስላየ፥ ነገ መከራ ከሚጸናባቸው ወገኖቹ መለየትን እንዳልወደደ ገለጸ። በጥር ወር 1941 ፓሪስ በዠርመኖች እጅ ሳለች ዐረፈ።

ያለፈው አይጠፋም ብሎ ያስተማረ ሰው፥ ያለፈውን መካድ በሚጠቅምበት ቀን አልካደውም፤ ቃሉንም ከመጻሕፍቱ ይልቅ ይህ ሥራው ያጸናለታል።