ዐረብኛውን በየት በኩል እንጀምረው?

ረመዷን ሲገባ በየቤታችን "ዘንድሮስ ዐረብኛ መማር አለብን" ይባላል፤ ሸዋል ሲገባ ይረሳል። እኛም ቤት ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ የትኛውን ዐረብኛ እንደምንፈልግ ሳንለይ ነበር የምንነሣው።

ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰችው አክስታችን ከዐረብ ጋር እንደ ልቧ ታወራለች፤ ተራዊሕ ላይ የሚቀራውን ግን ብዙውን አትረዳውም። የገበያና የማድቤት ዐረብኛ ሌላ፣ ፉስሓ ሌላ ነው። ልጃችን ደግሞ ቃዒዳውን ጨርሶ ጁዝ ዐማን ሐፍዟል፤ ትርጉሙን ሲጠይቁት ዝም ይላል።

ለሥራ ለሚሄድ ሰው የአክስታችን መንገድ፣ ከሰው ጋር እያወሩ መልመዱ፣ ይቀናዋል። ሶላቱን መረዳት ለሚፈልግ ግን ከፋቲሓ መጀመር ይሻላል። 7 አያ ብቻ ናት፤ የአምስቱ ፈርድ ሶላቶች ረከዓ ደግሞ 17 ነው፣ በእያንዳንዱም ትቀራለች። ከዚህ የበለጠ ክለሳ የትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም።

ባዶ እጃችንንም አይደለንም። "ቢስሚላህ" ውስጥ ያለው "ኢስም" የእኛው "ስም" ነው፤ "ዓለሚን" ውስጥም "ዓለም" አለ። ዐረቡ ከ"ከተበ" ሥር ኪታብ (መጽሐፍ)፣ ካቲብ (ጸሐፊ)፣ መክተባ (ቤተ መጻሕፍት) ያወጣል፤ እኛ ክትባት አለን። ልጁ ይህን ሲሰማ "መርፌው?" ብሎ ክንዱን ያዘ። ቃሉን ግን እስካሁን አልረሳውም።

ዘንድሮ ከሱሑር በኋላ በቀን አንድ ቃል እንይዛለን። አክስታችን በምታውቀው ቃል አረፍተ ነገር ትሠራለች፣ ልጁ ፊደሉን ያሳያታል። "ሲራጥ" ላይ ደርሰናል።