በሌላ ሰው ስም የተመዘገቡ 21 ድሎች

የምክትል አሰልጣኝ ቅጥር ብዙ ጊዜ ወሬ አይሆንም። የማን.ዩናይትድ ደጋፊዎች ግን ነገሩን አሳምረው ያውቁታል። በዲሴምበር 1998 (እ.ኤ.አ) ብሪያን ኪድ ፈርጉሰንን ተሰናብቶ ወደ ብላክበርን አቀና። በፌብሩዋሪ 1999 ከደርቢ ካውንቲ የመጣው ስቲቭ ማክላረን በመጀመሪያ ጨዋታው ዩናይትድ ኖቲንግሃም ፎረስትን 8ለ1 ሲረመርም አየ። በሜይ መጨረሻ ደግሞ ሦስቱም ዋንጫዎች ኦልድትራፎርድ ገቡ።

በዚያው ዓመት ከአትላንቲክ ማዶ አንድ ሌላ ምክትል ከዚህም የከበደ ሥራ ሠርቷል። ሰውየው ዶን ዚመር፣ ስፖርቱ ቤዝቦል፣ ክለቡ ደግሞ ኒውዮርክ ያንኪስ ነው።

በቤዝቦል ዋናው አሰልጣኝ «ማናጀር» ይባላል። ከጎኑ የሚቀመጠው ምክትል ደግሞ «ቤንች ኮች» ነው። ኳስ ወርዋሪው ደክሟል ይቀየር ወይስ ይቆይ? ተራው የደረሰው መቺ በሌላ ይተካ? በየደቂቃው ሹክ የሚለው እሱ ነው። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት ስለማይችል አንድ የችኮላ ውሳኔ ጨዋታ ያስከፍላል።

ያንኪስ በኖቬምበር 1995 ጆ ቶሪን በማናጀርነት ሲቀጥር የከተማው ጋዜጦች አላገጡበት። ሰውየው ከዚያ በፊት ሦስት ክለቦች አሰናብተውታል። በተጫዋችነትም ሆነ በማናጀርነት የቤዝቦል ትልቁ ፍፃሜ ለሆነው ወርልድ ሲሪየስ ደርሶ አያውቅም። ታዲያ ቶሪ ለጎኑ ወንበር የመረጠው ማንን ነው? ብዙም የማይቀራረበውን የ64 ዓመት አዛውንት!

ዚመር በዚያው ዓመት ጁን ላይ ኮሎራዶ ሮኪስን ለቆ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። አራት ክለቦችን በማናጀርነት መርቷል። በ1978 ቦስተን ሬድ ሶክስን ይዞ ያንኪስን በ14 ጨዋታ ከመራ በኋላ ልዩነቱ ቀልጦ በአንድ መለያ ጨዋታ 5ለ4 ተሸንፏል። ያንኪስ እንግዲህ ራሱ ያስለቀሰውን ሰው ነው የቀጠረው።

ቅጥሩ ግን ሰመረ። ቶሪ ረጋ ያለ፣ ዚመር ደፋር ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በ1996፣ በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ሻምፒዮን ሆኑ። በአምስት ዓመት አራት ዋንጫ ቀላል አይደለም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በማርች 1999 ነው። ቶሪ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበትና ለሕክምና ሄደ። የ68 ዓመቱ ዚመር ሻምፒዮኑን ቡድን ተረክቦ የውድድሩን የመጀመሪያ 36 ጨዋታዎች መራ። 21 አሸነፈ፣ 15 ተሸነፈ። ሜይ 18 ቶሪ ሲመለስ አዛውንቱ ምንም ሳያንገራግሩ ወደ ቀድሞ ወንበራቸው ተመለሱ። ያንኪስ በዓመቱ መጨረሻ አትላንታ ብሬቭስን 4ለ0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

የሚገርመው መዝገቡ ነው። ያንኪስ በ1999 መደበኛ ውድድር ያገኛቸው 98 ድሎች በሙሉ የተጻፉት በቶሪ ስም ነው። ዚመር በማናጀርነት ዘመኑ 885 ድል አለው ይባላል፤ እነዚያ 21 ድሎች ግን እዚያ ውስጥ የሉም።

ዚመር ከያንኪስ የወጣው በ2003 ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ከቦስተን ጋር ጠብ ሲነሳ በ72 ዓመቱ ወደ ፔድሮ ማርቲኔዝ ሮጦ መሬት ላይ ተጣለ። በማግስቱም እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ። ውድድሩ እንዳለቀ ከክለቡ ባለቤት ጆርጅ ስታይንብሬነር ጋር ተቀያይሞ ለቀቀ፤ በጁን 2014 በ83 ዓመቱ አረፈ።

ስለዚህ ክለባችሁ አዲስ ምክትል ቀጠረ ሲባል ወሬውን ገልብጣችሁ አትለፉ። ዋናው የታመመ ዕለት ቡድኑን የሚረከበው ያ ሰው ነው፤ ድሉ በስሙ ባይጻፍለትም።