ቆጥረህ ካሸነፍክ ውጣ!

የብላክጃክ ቆጣሪዎችና የካዚኖዎች ማብቂያ ያጣ ፍልሚያ

በመንዝ፣ በግሼም ሆነ በመርሐቤቴ ደጋ ልጆች መሬት ቆፍረው ገበጣ ሲጫወቱ፣ አንዱ ጠጠሩን በዓይኑ ቆጥሮ፣ እጁ የት ጉድጓድ ላይ እንደሚያልቅ አስልቶ ቢያሸንፍ «ጎበዝ» ይባላል እንጂ «ቆጥረሃልና ከዚህ ጥፋ» የሚለው የለም። ገበጣ ራሱ መቁጠር ነዋ! ኮንከር የሚጫወቱ ጎረምሶችም የወደቀውን ካርታ ሁሉ የሚያስታውሰውን ጓደኛቸውን ይፈሩታል እንጂ አያባርሩትም። ኃይሌ ገብረሥላሴንም «በጣም ሮጥክ» ብሎ ከትራክ ያስወጣ ዳኛ አልታየም።

በላስ ቬጋስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብላክጃክ ጠረጴዛ ላይ ጭንቅላቱን የሚያሠራ ሰው ሲገኝ ኮት የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። «ሌላውን ጨዋታ እንደፈለግህ ተጫወት፣ ብላክጃክ ግን በቃህ» ይለዋል። ሰውየው አላጭበረበረም፣ ካርታም አልደበቀም። ጥፋቱ መቁጠሩ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ምንድነው የሚቆጠረው? ብላክጃክ በካርታ 21 ለመሙላት ወይም ወደ 21 ለመጠጋት የሚደረግ ጨዋታ ነው፤ ከ21 ያለፈ ይቃጠላል። አዳዩ 17 እስኪደርስ ድረስ የግድ ካርታ መጨመር አለበት። ታዲያ የወጣ ካርታ እስኪበወዝ ድረስ ተመልሶ አይገባም። ትናንሾቹ ካርታዎች ወጥተው ካለቁ የቀሩት አስሮች፣ ባለ ሥዕሎችና አሶች ናቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ አዳዩ የመቃጠል ዕድሉ ይጨምራል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስገኘውን አስና አስር የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ቆጣሪው ከ2 እስከ 6 ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ይደምራል፣ አስር፣ ባለ ሥዕልና አስ ሲወጣ አንድ ይቀንሳል፣ 7፣ 8 እና 9ን ይዘላል። ድምሩ ከፍ ሲል ብዙ ይመድባል፣ ዝቅ ሲል ጥቂት። አለቀ! ይህን ለመሥራት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በጩኸትና በሲጋራ ጭስ መካከል ለሰዓታት ሳይሳሳቱ መሥራቱ ነው ከባዱ።

ይህን ለዓለም የገለጠው ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቶርፕ አይቢኤም 704 በተባለ ግዙፍ ኮምፒዩተር ሲያሰላ ከርሞ፣ ግኝቱን በ1961 በሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ አቀረበ። ቁማርተኞች ገንዘቡን አውጥተውለት 10 ሺህ ዶላር ይዞ ወደ ኔቫዳ ወረደና 11 ሺህ ያህል አትርፎ ተመለሰ። በ1962 ሚስጥሩን በመጽሐፍ ሲያወጣው ካዚኖዎቹ ተሸበሩ። በ1964 የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች የጨዋታውን ሕግ አጠበቁት። ተጫዋቹ ደግሞ ፊቱን አዞረ፤ ጠረጴዛው ጭር ሲል በሳምንታት ውስጥ ወደ ድሮው ሕግ ተመለሱ።

የሚያስቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ «እኔም እቆጥራለሁ» ብሎ ገባ፤ አብዛኛው መቁጠር አልቻለምና ገንዘቡን አራግፎ ወጣ። ካዚኖዎቹ ይህን ሕዝብ አልጠሉትም። የጠሉት በትክክል የሚቆጥረውን ጥቂቱን ነው። እሱም ቢሆን ትርፉ ሰው እንደሚያወራው አይደለም፤ ከሚመድበው 100 ዶላር በአማካይ ወደ አንድ ዶላር ገደማ ነው። ደህና አድርጎ እየቆጠረም ለሳምንታት ሊከስር ስለሚችል ጠርቀም ያለ ካፒታል ካልያዘ አይዘልቅም።

ቆጣሪን የሚያጋልጠው አመዳደቡ ነው። 10 ዶላር ሲመድብ የቆየ ሰው ድንገት 200 ሲያስቀምጥ ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ይዞረዋል። ይህን ለማምለጥ አል ፍራንቼስኮ የተባለ ተጫዋች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቡድን ፈጠረ። ቆጣሪዎቹ በየጠረጴዛው ትንሽ ትንሽ እየመደቡ ይቀመጣሉ፤ ድምሩ ሲያምር ለ«ትልቁ ተጫዋች» ምልክት ይሰጣሉ። እሱ ሰክሮ የመጣ ሀብታም መስሎ ብዙ ገንዘብ ይመድባል። ሆሊውድ በ2008 ፊልም የሠራባቸው የኤምአይቲ ተማሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ካዚኖዎቹም ዝም አላሉም። ግሪፊን የተባለ ድርጅት የቆጣሪዎችን ፎቶ በመዝገብ አሰባስቦ ያድልላቸው ነበር። ያ ድርጅት የማይገባ ስም ለጥፎባቸው በከሰሱት ተጫዋቾች ተረትቶ በ2005 ለኪሳራ በቅቷል።

ላስ ቬጋስ ደግሞ ለሐበሻ ሩቅ አገር አይደለችም። በታክሲና በካዚኖ ሥራ የሚተዳደረው ወገናችን ብዙ ነው፤ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደርም በ2023 አንድ ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞለታል። የኔቫዳ ሕግ መቁጠርን ወንጀል አያደርገውም። ካዚኖው ግን «ቤቴ ነው፣ አልፈልግህም» የማለት መብት አለው። ውጣ ተብሎ የተመለሰ ሰው የሚከሰሰው በመቁጠሩ ሳይሆን ያለፈቃድ ሰው ቤት በመግባቱ ነው።

«እንዴት ተደርጎ!» ብሎ ነገሩን ፍርድ ቤት ያደረሰው ኬን ኡስተን ነው። አባቱ ጃፓናዊ የሆነው ኡስተን በ16 ዓመቱ ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ሃርቫርድ የተማረና በሳን ፍራንሲስኮ የአክሲዮን ገበያ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን የደረሰ ሰው ነበር። በ1974 የፍራንቼስኮን ቡድን ተቀላቅሎ ያን ሁሉ ወንበር ተወው። ሲታወቅበት ጢም እየለጠፈ፣ ልብስ እየቀያየረ ይገባ ጀመር። በኔቫዳ ያቀረበው ክስ አልሠመረለትም።

በ1979 በአትላንቲክ ሲቲ ሪዞርትስ ኢንተርናሽናል ካዚኖ ሲያባርረው ግን በኒው ጀርሲ ከሰሰ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ፈረደለት። የጨዋታውን ሕግ የማውጣት ሥልጣን የመንግሥት ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑ ቆጣሪን ካልከለከለ ካዚኖው በራሱ ሥልጣን ሊያባርር አይችልም ተባለ። ፍርድ ቤቱ አያይዞም በሩን ለሕዝብ የከፈተ ሰው ያለ በቂ ምክንያት እንግዳ መርጦ ሊያስወጣ እንደማይችል ተናገረ።

ታላቅ ድል ነው! ድሉ ግን በኪስ አልገባም። ካዚኖዎቹ ማባረሩን ትተው ጨዋታውን አበላሹት። ስድስትና ስምንት ጥቅል ካርታ ቀላቀሉ፤ ቆጣሪ የተባለ ሰው ምደባውን ከፍ ሲያደርግ መሐል ላይ ይበውዙ ጀመር። ይህ ደግሞ በኮሚሽኑ የተፈቀደ ነበር። ቆጥሮ ቆጥሮ ድምሩ ሲያምርለት ካርታው ይበወዛል፤ ሀ ብሎ ይጀምራል። ሌላውም ተጫዋች አብሮ ተጎዳ፣ ሕጉ ሲጠብቅ የሚጠብቀው ለሁሉም ነውና።

ኡስተን በ1987 ፓሪስ ውስጥ በ52 ዓመቱ አረፈ። በአትላንቲክ ሲቲ ቆጣሪው ዛሬም ተነስ አይባልም። አዳዩም እየጠበቀ ይበውዝበታል።