ጄኔቫ ሕዝቧን ጠይቃ አደሰች፤ እኛስ?

ወደብ የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር የኢትዮጵያዊ ልብ ወደ አሰብና ወደ ምጽዋ መንጎዱ አይቀርም። ዛሬ ግን አንባቢዎቻችንን ይዘን የምንጓዘው ወደ ቀይ ባሕር ሳይሆን፣ እንደ ሀገራችን ሁሉ ባሕር ወደሌላት ወደ ስዊዘርላንድ ነው። ባሕር ባይኖራትም ሐይቆች አሏት፤ በሐይቆቿም ዳር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የጀልባ ወደቦች፣ የድንጋይ ግንቦችና መዋኛዎች አሏት። እነዚህ ያረጁ ሥራዎች እንዴት ታደሱ? ይታደሱ ወይስ ይፍረሱ ብሎ የወሰነውስ ማን ነው? ይህ ጥያቄ የሐይቅ ዳር ወሬ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎችና አሮጌ ሰፈሮች ከሆነው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሆኖ ስላገኘነው ነው ብዕራችንን ያነሳነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰልፉ ካለቀ በኋላ

አብዛኞቻችን ጄኔቫን የምናውቃት በሰልፍ ነው። ከየሀገሩ በባቡርና በአውቶቡስ ተሳፍረን እንመጣለን፣ እግሩ በተሰበረው ግዙፍ ወንበር ሥር ቆመን እንጮኻለን፣ ደብዳቤያችንን አስገብተን ማታውኑ ወደየመጣንበት እንመለሳለን። ጃንሆይ ሰኔ 30 ቀን 1936 በዚችው ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ማለታቸውንም የማያውቅ በመካከላችን የለም። ይሁን እንጂ ከአደባባዩ ቁልቁል ወርደን የሌማንን ሐይቅ ዳር በእግራችን የተጓዝን ስንቶቻችን ነን?

ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ቀድሞ የሚታየው ፓሌ ዊልሰን የተባለው ትልቅ ሕንፃ ነው። በ1870ዎቹ በሆቴልነት ተሠርቶ፣ ከ1920 እስከ 1936 የመንግሥታት ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነበር። በ1987 እሳት ክፉኛ ጎዳው። ሆኖም አፍርሰው የመስታወት ፎቅ አላቆሙበትም። አድሰውት ከ1998 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ሆኖ አገልግሏል። የኛም የስንት ዓመት አቤቱታ የተጻፈው ለዚህ ሕንፃ ነው።

ሊፈርስ የነበረው መዋኛ

ከዚያ ጥቂት እንደተጓዝን ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ የድንጋይ ግንብ እናገኛለን። በግንቡ ጫፍ ነጭ የመብራት ማማ ቆሟል። በግንቡ ላይ ያለው ቤን ዴ ፓኪ የሚባለው የሕዝብ መዋኛ ነው። መጀመሪያ በ1872 በእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየው የኮንክሪት ሥራ የ1932 ነው። ውኃ ውስጥ የቆመ ኮንክሪት የሚያረጀው ከውስጥ ነው። እርጥበት ሰርጎ ይገባና ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፤ ያበጠው ብረት ኮንክሪቱን ሰንጥቆ ይጥለዋል። በ1980ዎቹ ይህ መዋኛ እንዲህ ሆኖ ነበር። የከተማው አስተዳደርም፣ አርጅቷልና አፍርሰን በአዲስ እንተካው የሚል ዕቅድ አወጣ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። በየማለዳው እየመጡ የሚዋኙት ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ጉዳዩም ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። በ1988 የከተማዋ ሕዝብ ድምፁን ሲሰጥ 72 በመቶው መዋኛው አይፈርስም አለ። አስተዳደሩም ተሸነፈ፤ አንድም ሰው አልታሰረም፣ አንድም ሰው ፀረ ልማት አልተባለም። መዋኛው ቅርጹን እንደጠበቀ በ1990ዎቹ ታደሰ። የሚያስተዳድረውም ያው የተጠቃሚዎቹ ማኅበር ነው። ክረምት ላይ ሳውና ይሞቁበታል፣ በእኩለ ቀን በመጠነኛ ዋጋ ምሳ ይበሉበታል። የባንክ ኃላፊውም፣ ተማሪውም፣ ስደተኛውም በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ አይተናል። በዓለም ውድ ከሚባሉት ከተሞች በአንዷ፣ ውድ በሆነው ሐይቅ ዳር፣ ድሃ የሚቀመጥበት ቦታ የተረፈው በድምፅ ብልጫ ነው።

የሐይቁ መለያ የሆነው ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ውኃም ትምህርት አለው። በ1886 በሮን ወንዝ ላይ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ፣ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ማታ ማሽናቸውን ሲያጠፉ የውኃው ግፊት ስለሚያይል እሱን ማስተንፈሻ ነበር። በ1891 ከተማዋን እንዲያስጌጥ ወደ ሐይቁ ተዛወረ፤ ዛሬ 140 ሜትር ይወጣል። የማመንጫው ሕንፃም ሥራው ሲያበቃ አልፈረሰም፤ ከ1997 ወዲህ የሙዚቃና የቴአትር አዳራሽ ሆኗል።

ከተቃራኒው ዳር ያለው የኦ ቪቭ የሕዝብ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የካንቶኑ መንግሥት ሐይቁን በከፊል ሞልቶ የሕዝብ መዋኛ፣ የጀልባ ወደብና የዓሣ አጥማጆች ቤት ለመሥራት ተነሳ። ዓላማው መልካም ነበር። ይሁንና አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሐይቅ መሙላት በሕግ የተገደበ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2013 ዕቅዱን ሻረው። መንግሥት በፍርድ ቤት ተረታና ዕቅዱን እንደገና አዘጋጀ። ዳርቻው በ2019 በከፊል ተከፈተ፣ በቀጣዩ ዓመት ተጠናቀቀ። ዘገየ፤ ግን ተሠራ።

ዙሪክና የችኮላ ዋጋ

ዙሪክም ብትሆን ሐይቋን በአንድ ቀን አላሳመረችም። አርኖልድ ቡርክሊ የተባለው የከተማው መሐንዲስ የመራው የሐይቅ ዳር ግንብ ሥራ ከ1881 እስከ 1887 ስድስት ዓመት ፈጅቷል። ከሐይቁ ተሞልቶ የተገኘው መሬት ለሕዝብ መናፈሻና መንገድ ዋለ። ዛሬ በእሁድ ከሰዓት በኋላ የኛም ሰዎች ልጆቻቸውን በጋሪ እየገፉ የሚንሸራሸሩበት ቦታ ይኸው ነው።

በዚያው በሐምሌ 1887 ግን ግማሽ ሰዓት ያህል በባቡር በምትርቀው በሱግ ከተማ ሌላ ነገር ሆነ። ለስላሳ በሆነው የሐይቅ ደለል ላይ አዲስ የሐይቅ ዳር ግንብ እየተሠራ ሳለ፣ ሐምሌ 5 ቀን መሬቱ ከነቤቶቹ ወደ ሐይቁ ተንሸራተተ። 11 ሰዎች ሞቱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የኛ ተረት ለመሐንዲስም ይሠራል። የውኃ ዳር ግንባታ ከላይ በሚታየው ጌጥ ሳይሆን ከሥር ባለው አፈር ይለካል።

ሕዝበ ውሳኔ ሁልጊዜ ለድሃ ይፈርዳል ብለንም አንዋሽም። በመጋቢት 2024 የዙሪክ ካንቶን ነዋሪዎች፣ በዙሪክ ሐይቅ ዙሪያ ማንም ሰው በእግሩ የሚሄድበት ያልተቋረጠ መንገድ እስከ 2050 ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቦላቸው ነበር። ከአሥር መራጮች ከስድስት በላይ የሚሆኑት አይሆንም አሉ። ሐይቅ ዳር ቪላ ያላቸው ሰዎች የግል ይዞታችን ይደፈራል ብለው ብዙ ደክመዋል፤ ወጪው ያሰጋው ሕዝብም ከእነሱ ጋር ቆሟል። የተሸነፉት ወገኖች ቢያዝኑም የተሸነፉት ተጠይቀው ነው። ነገ ደግሞ ፊርማ አሰባስበው ሊመለሱ ይችላሉ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን ወደ ሀገራችን እንሻገር። በ2019 መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ የማልማት ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ነው ተባለ። በግንቦት ወር አንዱ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የገበታ ለሸገር እራት ተበላ። በ2024 ደግሞ የኮሪደር ልማት በሚል ስም ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2025 ባወጣው መግለጫ፣ በኅዳር 2024 ብቻ በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ቢያንስ 872 ሰዎች በግዳጅ ከቤታቸው መነሣታቸውን ገልጿል።

ልማት ይጠላል እንዴ? አይጠላም። የአዲስ አበባ ወንዞች የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተሸካሚ ሆነው መኖራቸውን፣ በክረምት ሞልተው ዳር ያለውን ድሃ ሲወስዱ መክረማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ወንዙ ይጽዳ፣ ዳርቻው ይልማ። ቤን ዴ ፓኪም እኮ በእርግጥ አርጅቶ ነበር። ልዩነቱ ያለው በሲሚንቶው ላይ ሳይሆን በጥያቄው ላይ ነው። ጄኔቫ የምትዋኝበትን ቦታ ለማደስ የሚዋኘውን ጠየቀች። አዲስ አበባ ሰው የሚተኛበትን ቤት ስታፈርስ የሚተኛውን ማን ጠየቀው? እድር፣ እቁብ፣ የጉረቤት ቡና፣ በዱቤ የምትሸጥ ባለሱቅ፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛው ካሣ ተተመኑ?

በ2020 በገበታ ለሀገር ስለታሰበችው ስለ ጎርጎራም እንጠይቅ። ጣልያን ወደብ ያደረጋት ይህች የጣና ዳር ከተማ ማማሯን ማን ይጠላል? ጄኔቫ ዳርቻዋን ስታለማ ለዓሣ አጥማጆቿ ቤት ሠርታለች። በጣና ላይ በታንኳ ዓሣ ለሚያጠምደው ወገናችን፣ ከእንቦጭ ጋር ሲታገል ለኖረው ገበሬስ፣ ከሎጁ አጥር ውስጥ የተያዘለት ቦታ የቱ ነው?

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። በ2005 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ስምንት ዓመት የኖሩ የውጭ ዜጎች በጄኔቫ ካንቶን በሚኖሩበት ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቅዷል። በዙሪክ ይህ መብት የለም። እንግዲህ አስቡት። በጄኔቫ ሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ የሚያጥበው ስደተኛ ወገናችን፣ የቤን ዴ ፓኪ ጉዳይ ዛሬ እንደገና ቢነሳ ይፍረስ ወይም ይቁም ብሎ ይወስናል። ሀገር ቤት ያሉት እናቱ ግን አርባ ዓመት ስለኖሩበት ቤታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበላቸውም። በሰው ሀገር የሐይቅ ዳር ባለቤት ሆኖ፣ በሀገሩ የደጁ ባለቤት አለመሆን ከዚህ በላይ ምን ያስቆጫል?

ስለዚህ በየኤምባሲው ለልማት አዋጡ ስንባል፣ ከማዋጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ነዋሪው ተጠይቋል ወይ? የሚነሣው ሰው የት ነው የሚያድረው? ቅር ያለው ሰው የሚሄድበት፣ መንግሥትን የሚረታ ፍርድ ቤት አለ ወይ? ለሦስቱም መልስ ያገኘ ልማት የሁላችንም ልማት ነው፤ ኪሳችንም ክፍት ነው። መልስ ያላገኘው ግን የቱንም ያህል መብራት ቢደረደርበት የድሃ እንባ የፈሰሰበት ጌጥ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።